ከኩቴክሱ ሥር የነበረው መርከብ

የአሴቶን ሽታ ብዙ ሴቶችን የውበት ሳሎን ያስታውሳቸዋል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚመልሰኝ ካዛንቺስ ወደነበረው ግቢያችን፣ በጳጉሜን ፀሐይ ላይ ተገልብጠው ወደተደረደሩ ሰሃኖች ነው። ባለፈው ሰሞን የእናቴ ቤት ሊፈርስ ሲል ጠቅልለን ካወጣናቸው ካርቶኖች አንዱን ኦሎምፒያ አጠገብ ባለችው አፓርታማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ከፍቼ፣ ለዘመድ እንዲሰጡ ከታሰቡት ሰሃኖች ጀርባ ቀዩን የኩቴክስ ምልክት በጥጥና በአሴቶን እያስለቀቅሁ ሳለ ይኸው ሽታ እንደገና አገኘኝ። ዕቃ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የቀድሞ ባለቤቱ ምልክት ተነሥቶለት መሆን አለበት ብላ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ አለዚያ፣ ትላለች፣ የሰጠሽው ሰው ዕድሜ ልኩን የተዋሰ ይመስለዋል።

ምልክቱ በእያንዳንዱ ሰሃን ጀርባ፣ ከጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጥብ ነበረች። ከካርቶኑ ሥር ያገኘሁት አንድ ነጭ ሰሃን ግን ነጥብ አልነበረውም። የጀርባው መሀል ላይ እንደ ድሮው ሃምሳ ሳንቲም የሰፋ፣ ተደጋግሞ የተቀባ፣ ዙሪያው በጥንቃቄ የተስተካከለ ቀይ ክብ ነበረበት። ሥራዬ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ከየት እንደመጡና የማን እንደነበሩ እያጣራሁ መመዝገብ ነው፤ በአሮጌ ማኅተም ላይ ቀለም ፈሶ ሳገኝ በአጋጣሚ ነው የፈሰሰው ብዬ ለማመን ከተቸገርሁ ዓመታት አልፈዋል። ጥጡን ጫን አድርጌ ጠረግሁት። ከቀዩ ሥር መጀመሪያ ሰማያዊ መስመር፣ ቀጥሎ ሁለት የጭስ ማውጫዎች፣ በመጨረሻም ስሟ በላቲን ፊደል ከሥሯ የተጻፈ ትንሽ መርከብ ብቅ አለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤ የእትዬ በላይነሽ ሰሃን ነበር። ለዚህ ሰሃን ሲባል አንዲት ሴት ከዕድር ተሰርዘው ከሰፈራችን ወጥተዋል።

ግቢያችን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቪላዎች አንዱ ነበር፤ በእኔ ልጅነት፣ በደርግ ዘመን፣ ቀበሌው ከፋፍሎ ለሦስት አባወራ አከራይቶታል። ሳሎኑና አንደኛው መኝታ ቤት የእኛ፣ የጎኑ ክፍሎች የዕድራችን ዳኛ የነበሩት የጋሽ ተሰማና የባለቤታቸው፣ ከጓሮ በጽዱ ዛፍ ሥር ያለችው ሰርቪስ ደግሞ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት የእትዬ በላይነሽ ነበረች። በጳጉሜን ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የግቢው ሴቶች ሰሃንና ብርጭቆአቸውን አውጥተው ሰሌን ላይ ይገለብጡና፣ ዓመቱን ሙሉ በድግስና በለቅሶ ሲዋዋሱት የደበዘዘውን ምልክት ያድሱ ነበር። ጥፍሯን አንድም ቀን ቀብታ የማታውቀው እናቴ ለዚህ ብቻ የምታስቀምጣት ቀይ ኩቴክስ ነበረቻት፤ የጋሽ ተሰማ ባለቤት ደግሞ በራቸው ከተቀባበት የተረፈ አረንጓዴ ቀለም በክብሪት እንጨት እየነከሩ ያስነኩ ነበር። የድግስ ማግሥት ሴቶቹ የታጠበውን ሰሃን እየገለበጡ «ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቀይ» እያሉ ሲለዩ የነበረው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ ከሥራ ይልቅ ለዜማ የቀረበ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ቀለም ያልነካቸው የእትዬ በላይነሽ ስድስት ነጭ ሰሃኖች ብቻ ነበሩ። እናቴ ኩቴክሷን ልታውሳቸው ስትሞክር፣ «የእኔዎቹ ምልክታቸውን ይዘው ነው የመጡ» ይሉና አንዱን ገልብጠው ሰማያዊዋን መርከብ ያሳዩ ነበር። እናቴ ይህን ኩራት ነው ትለዋለች። ኩራትም ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ በላይነሽ ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ሲራመዱ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው፣ መሬቱ ይከዳቸው ይሆን እያሉ የሚፈትኑት ይመስል ቀስ ብለው ነበር የሚረግጡት። እኔ ደግሞ ያኔም ተጠራጣሪ ልጅ ስለነበርሁ፣ ሰው በማያያቸው ጊዜም እንዲሁ ይራመዱ እንደሆነ ለማወቅ ከጽዱ ጀርባ ተደብቄ አይቻቸዋለሁ። ይራመዱ ነበር፤ ይህም ቢሆን ሳያውቁኝ አልቀሩም ብዬ ጠረጠርሁ እንጂ አላሳመነኝም።

የሚናገሩት ታሪክ እንዲህ ነበር። በኮረዳነታቸው አዲስ አበባ ይኖር ለነበረ የአንድ ሆላንዳዊ መሐንዲስ ቤተሰብ ሞግዚት ሆነው ይቀጠራሉ፤ ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ እሳቸውም ልጆቹን ይዘው በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በአነስተኛ መርከብ እስከ ኤደን፣ ከኤደን ደግሞ ከጃቫ ሰው ጭኖ በሚመጣ ትልቅ የሆላንድ መርከብ ይሳፈራሉ። ስሙን አንድም ቀን ጠርተውልን አያውቁም፤ «የሆላንዱ መርከብ» ነበር የሚሉት፣ እኔም ያንን ስም ማንበብ እንጂ መጥራት አይሆንልኝምና እንደ እሳቸው ልበለው። በውስጡ ደረጃና ኮሪደር፣ የራሱ ዳቦ ጋጋሪ፣ የራሱ ሙዚቀኛ፣ በባሕር መሀል ሌላ ትንሽ ባሕር ይመስል የመዋኛ ገንዳ ነበረው። ተሳፋሪዎቹ ግን የመርከቡን ያህል ያማሩ አልነበሩም ይሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ተወልደው ካደጉበት አገር ተነቅለው፣ አገራችሁ ነው ወደተባሉት፣ አይተውት ወደማያውቁት አገር የሚሄዱ ነጮችና ክልሶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት እዚያው ጃቫ ጥለውት የመጡትን ቤት ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ማታ ማታ የሚተኙበትን ክፍል በር በዚያ ቁልፍ ሊቆልፉ ይታገሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰፈሩ በዝምታ ይሰማ ነበር። ሰፈሩን በሳቅ የሚያፈርሰው የካፖርቱ ታሪክ ነበር። መርከቡ ግብጽ አገር ስዊዝ ወደብ ሲደርስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረሃ መሀል ካለ መጋዘን ፊት ተሳፋሪው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ተሰለፈ፤ ለእያንዳንዱም የሱፍ ካፖርት፣ ሹራብና ካልሲ በነፃ ታደለው፤ እትዬ በላይነሽንም ከጃቫ ሞግዚቶች አንዷ መስለዋቸው ግራጫ ካፖርት ሰጧቸው።

«እንዴ በላይነሽ!» ይሉ ነበር ጋሽ ተሰማ፣ ጎናቸውን ይዘው እየሳቁ፣ «በበረሃ ካፖርት የሚያድል ካለ ክረምቱ ሳይገባ እኔንም ውሰጂኛ!»

«እርስዎን የሚበቃ አልነበራቸውም፤» ይሉ ነበር እሳቸው ከጋሽ ተሰማ ወፍራም ሆድ ላይ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ።

ካፖርቱ ግን ነበረ። ሰኔ ሲገባ ከሣጥናቸው ይወጣል፤ የናፍታሊን ሽታው ከሳቸው ቀድሞ በር ይደርሳል። አንድ ሐምሌ ከትምህርት ቤት በስብሼ ስመጣ እናቴ ሳትኖር አግኝተውኝ፣ በዚያ ካፖርት ጠቅልለው ላምባ ምድጃቸው አጠገብ አስቀምጠውኛል። ክብደቱና ሻካራነቱ፣ የላምባውና የናፍታሊኑ ሽታ ተቀላቅሎ እንቅልፍ ሲያመጣብኝ፣ እዚያ ውስጥ ሆኜ እንኳ ከአንገትጌው ሥር የሱቅ ስም እፈልግ ነበር። አልነበረውም። ስም አለመኖሩንም በጥርጣሬዬ መዝገብ ላይ ጨመርሁት።

ለነገሩ እኔ ብቻ አልነበርሁም። ዘመኑ የጥርጣሬ ነበር፤ የውጭ ዕቃ ያለው ሰው ከየት አመጣው ይባላል፣ የሌለው ደግሞ ለማን ደብቆ ነው። የሴቶቹ ሹክሹክታ ሰሃኖቹን ከኤምባሲ ወጥ ቤት የተሰረቁ፣ ካፖርቱን የሞተ ፈረንጅ ልብስ፣ መርከቡን ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆመው ከሩቅ ያዩት ነገር ያደርገው ነበር። እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ፤ አንዱን ታሪክ ወራት አሳልፌ እንደገና አስነግራቸውና የሚለያየውን ቦታ እይዝ ነበር። የካፖርቱ ታሪክ አንድም ቀን አልተለያየም። የሰሃኖቹ ግን አንድ ጊዜ እመቤታቸው ገዝተው የሰጧቸው፣ ሌላ ጊዜ የልጆች መመገቢያው አስተናጋጅ በስንብት ዕለት የሸለሟቸው ሆኑ። ይህን ልዩነት ባገኘሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አይጠፋኝም፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም፤ ከተናገርሁ የእሑዱ ምሳ ይቀርብኛል።

የእሑዱ ምሳ እንዲህ ነበር። በእኛ ቤት ልጅ የሚበላው ትልልቆቹ ከበሉ በኋላ ነው፤ በሁሉም ቤት እንዲያው ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን በመርከቡ ላይ ልጆች የራሳቸው መመገቢያ ክፍልና ከአዋቂው የቀደመ ሰዓት ነበራቸው ብለው፣ የግቢውን ልጆች ከሁሉ አስቀድመው፣ በእነዚያ ነጭ ሰሃኖች ያበሉን ነበር። ሰሃኖቹን ከማስቀመጣቸው በፊት የጠረጴዛውን ልብስ በእርጥብ ጨርቅ ያርሱታል፤ ማዕበል ሲነሣ ሰሃን እንዳይንሸራተት በመርከቡ የሚደረገው እንዲህ ነው ይሉን ነበር። በካዛንቺስ ምን ዐይነት ማዕበል እንደሚጠብቁ ጠይቄአቸው አላውቅም፤ እጄን ግን ሳያዩኝ ሰሃኔ ላይ አሳርፌ ገፋ አደርገው ነበር፤ እውነትም አይንሸራተትም። እናቶቻችን ይህን ምሳ አልወደዱትም። ልጅ ቀድሞ ከበላ ስድ ይሆናል አሉ፤ ነገር ግን አንዷም አልከለከለችንም፤ ያ ዘመን የተገኘ ምሳ የሚከለከልበት አልነበረምና።

ታላቅ እህቴ በግንቦት ስትዳር ግቢው በድንኳን ተሸፈነ፤ እናቴ ከሰፈሩ ሁሉ ሰሃን ስትዋስ እትዬ በላይነሽም ስድስቱን ሰሃኖች፣ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀሉ አደራ ብለው፣ በገዛ እጃቸው አመጡላት። ሰርጉ በደኅና አለፈ። በማግሥቱ ሴቶቹ ጓሮ ተቀምጠው «ቀይ፣ አረንጓዴ» እያሉ ሲለዩ፣ ቀለም የሌላቸው ሰሃኖች ለብቻ ተቀመጡ፤ አምስት ነበሩ። ተፈለገ፤ ከድስቱ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ሥር፣ ከውሻው ቤት ሳይቀር ተፈለገ። እናቴ ላብ እስኪያጠምቃት ከፈለገች በኋላ፣ በሰፈሩ ሴቶች ፊት፣ «እትዬ በላይነሽ፣ እርግጠኛ ነዎት ስድስት ነበሩ?» አለቻቸው።

«ስድስት ናቸው፤» አሉ። «ከዚህ ቤት ገብቷል፣ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

በማንኛውም ሌላ ቀን ይህ ተራ ንግግር ነበር፤ በልጇ ሰርግ ማግሥት፣ በሰው ፊት ለተባለች ሴት ግን ሌባ ከመባል የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትላቸው የኖረችውን ሴት ያን ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንቺ አለቻቸው። «አንቺ ራስሽ ከየት እንዳመጣሽው ያልታወቀ ሰሃን ይዘሽ እኔን ሌባ ትይኛለሽ?» አለች። የዚያን ዕለት በዝምታ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ፣ ለዓመታት በሹክሹክታ ሲሉት የኖሩት ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰሙት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሹክሹክታ የሚመልሰው አልነበረም።

የሰኔው የዕድር ስብሰባ በእኛው ግቢ ውስጥ ነበር፤ እኔ በመስኮት አየሁት። በዕድሩ ደንብ አባልን የሰደበ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፣ እምቢ ካለ ይሰረዛል። ጋሽ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ ሳቅ በሌለበት ድምፅ፣ «በላይነሽ፣ ተሳስቻለሁ በዪና እንለያይ፤ አንድ ቃል ናት» አሉ።

እትዬ በላይነሽ ቆመው ነበር። «ያልኩት ሰሃኔ አልተመለሰም ነው። ተመልሷል የሚል ሰው ካለ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ኧረ ተይ፣ ለአንድ ሰሃን!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ስትሞቺ ሰሃኑ ነው የሚቀብርሽ?»

ሳቅ ተሰማ። እሳቸው ወደ ሳቁ ዞረው እንኳ አላዩም። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ከዕድር ሲሰረዙ ምን እንደሚያጡ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ሞታቸውን የሚያውጅ ጥሩንባ፣ ሬሳቸው ላይ የሚቆም ድንኳን፣ ሣጥናቸውን የሚሸከም ትከሻ። ይህንን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ቃሏን ግን አላወጧትም። በሐምሌ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ወደምትኖር የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሲሄዱ ዝናብ ይጥል ነበር። ግራጫውን ካፖርት ለብሰው፣ አምስቱን ሰሃኖች በፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዕቃቸውን ከጫነው ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አየኋቸው። ወደ እኛ መስኮት አልተመለከቱም። እናቴ መጋረጃውን ሳበችው። ከካዛንቺስ ቡልጋሪያ የአንድ አጭር ታክሲ መንገድ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ስማቸው በቤታችን ሲነሣ «ያቺ ሴትዮ» ከመባል አልፎ አያውቅም።

እንግዲህ ሰሃኑን ባገኘሁ ማግሥት መጀመሪያ ያደረግሁት ሥራዬ የሚያስደርገኝን ነው፤ ከመርከቧ ሥር የተጻፈውን ስም ይዤ ፈለግሁ። ወደ ጃቫ ሰውና ፖስታ ለማመላለስ የተሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራጫ ተቀብቶ ወታደር የጫነ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከኢንዶኔዥያ የሚፈልሱ ሆላንዶችን ወደማያውቁት አገራቸው ያጓጓዘ፣ ቀጥሎ ወደ አውስትራሊያ የሚሰደዱ ሰዎችን ያመላለሰ፣ በመጨረሻም አርጅቶ ተሽጦ ለብረቱ ሲባል የተቆራረጠ መርከብ ነበር። ተመላሾቹ ብርድ የማያውቁ ስለነበሩ፣ አውሮፓ ሳይደርሱ፣ ስዊዝ አጠገብ በረሃ ውስጥ ባለ መጋዘን የሱፍ ልብስ ይታደላቸው እንደነበር የሚገልጽ ጽሑፍ ከነፎቶግራፉ አገኘሁ። በፎቶው ላይ ሰዎቹ በአሸዋው መሀል በፀሐይ ዐይናቸውን አጨንቁረው፣ ካፖርት በክንዳቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት ረጅም ቀጭን ሐበሻ ሳልፈልግ አልቀረሁም። አላገኘሁም፤ ማስረጃዬን ግን አግኝቻለሁ። ሰፈሩ ከሁሉ አብልጦ ውሸት ነው ያለው ነገር እውነት ነበር። ሰሃኖቹ እንዴት እጃቸው እንደገቡ ግን ያ ጽሑፍ አልነገረኝም፤ በዚያ ነገር ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ዛሬም እንዳለ ነው።

እሑድ ሰሃኑን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው የእናቴ አዲስ ኮንዶሚኒየም ሄድሁ። የፈረሰው ቤታችን ቁልፍ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰሃኑን ገልብጬ ጭኗ ላይ አኖርሁት። ጣቷን መሀሉ ላይ አሳለፈች።

«ቀዩስ?»

«አስለቀቅሁት እማዬ።»

«ማን አስለቅቂ አለሽ?» አለች። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስትል ግን አልነበረም።

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። በሰርጉ ማግሥት ማለዳ፣ ሰሃኑ ገና ሳይለይ፣ ወደ አማቾቻችን ቤት የሚላከው ድፎ ዳቦ እንዳይሰበር አንዷ ሴት ያገኘችውን ሰሃን ከሥሩ አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በመሶብ ልካዋለች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና አማቾቻችን የሚያኖሩበት ነገር እስኪያገኙ ድረስ መሶቡን ከነሰሃኑ አቆዩት፤ ለቡሄ ሙልሙል ሞልተው መለሱት። እትዬ በላይነሽ ከሄዱ በኋላ ማለት ነው። እናቴ ሙልሙሉን አንሥታ ስትጨርስ ከሥሩ ነጭ ሰሃን አገኘች።

«ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ። «ጋሽ ተሰማ ፈርዷል፤ ዕድሩ ፈርዷል፤ እኔ ሰድቤአታለሁ። ይዤ ብወጣ እኮ ሌባዋ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መሀሉን ለምን ቀባሽው? ነጥብ አይበቃም ነበር?»

«ነጥብ ባደርግበት መርከቧ ታፈጥብኛለቻ።»

«መጣልስ? መስበርስ?»

እንደ ጅል አየችኝ። «የሰው ዕቃ ይሰበራል?»

ልጅ ሳለሁ እንደማደርገው፣ ወሬ አዙሬ ቆይቼ ታሪኩን እንደገና አስነገርኋት፤ አልተለያየም። ሁለተኛውን ጊዜ ስትነግረኝ ግን አንድ ነገር ጨመረች። እትዬ በላይነሽ ሲያርፉ በሰፈራችን ጥሩንባ ስላልተነፋ ዘግይታ ነበር የሰማችው፤ በሠልስቱ ቀን ብቻዋን ሄዳ፣ ሰሃኑን በቦርሳዋ ይዛ፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ፣ ሳታወጣው ተመለሰች። «ሰው ፊት እንዴት ላውጣው?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች። «በይ ተነሺ። ዛሬ ሰው የለም።»

ቡልጋሪያ ስንደርስ እናቴ መንገዱን ማንንም ሳትጠይቅ፣ በጋራዦቹ መሀል በቀጭኗ መተላለፊያ አልፋ፣ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ቆመች። ስንት ጊዜ እዚህ በር ድረስ መጥታ እንደተመለሰች ልጠይቃት አሰብሁ፤ መልሱን ስለፈራሁ ተውሁት። የከፈተችልን ሰናይት፣ የእትዬ በላይነሽ የእህት ልጅ፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ ሴት ናት። ከካዛንቺስ መምጣታችንን ስትሰማ ፊቷ ተዘጋ። እናቴን ትኩር ብላ አየቻት።

«እርስዎን አውቅዎታለሁ፤» አለች። «የአክስቴ ሠልስት ቀን ቦርሳዎን እቅፍ አድርገው የተቀመጡት። የሆነ ነገር ይዘው እንዳይወጡ ብዬ ዐይኔን ጥዬብዎት ነበር።»

እናቴ አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ ሰሃኑን አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላት። «የእትዬ በላይነሽ ናት፤» አለች። ከዚያ ሰኔ ወዲህ እትዬ ስትላቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እሳቸው እንዳሉት ነው። እኔ ቤት ነው የቀረችው።»

ሰናይት ገለበጠችው፤ መርከቧን አየች፤ አሸተተችውም። ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት ሰሃን ይዛ ተመለሰች፤ ከአምስቱ የተረፉት እነዚያ ነበሩ። ሦስቱን ገልብጣ አመሳከረች፤ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው።

«እስክታረጅ ድረስ ስድስት ነበሩ ትል ነበር፤» አለች። «እኔ ደግሞ አምስት ናቸው አክስቴ፣ ስድስተኛውን አልመሽው ነው እላታለሁ። ስቄባታለሁ እኮ! ካረጀች ወዲያ ክርክሩንም ተወችው። ዝም ትለኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «መርከቡስ? እሱም እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው።»

«ካፖርቱስ? በበረሃ?»

«እሱም።»

አፏን በእጇ ያዘች። የነገርኋትን እያንዳንዱን ነገር ሰማች፤ እኔ ግን እየተናገርሁ ሳለ ይህን ንግግር መስማት የነበረባቸው ሰዎች አንድ በአንድ ትዝ ይሉኝ ነበር። ጋሽ ተሰማ ከሞቱ ቆይተዋል። ባለቤታቸው የትኛው የከተማ ዳር እንደተመደቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። በጓሮው ተቀምጠው ዝም ያሉት ሴቶች፣ ከኋላ ሆኖ የሳቀው ድምፅ፣ ሁሉም ተበትነዋል፤ ዕድሩ ድንኳንና ድስቱን ተከፋፍሎ ፈርሷል። ግቢው በነበረበት ቦታ ባለፈው ሳልፍ ሰፊ መንገድና የመብራት ምሰሶ እንጂ ጽዱ የት እንደነበረ እንኳ መለየት አልቻልሁም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው የሚያለቅሰው ለግድግዳውና ለጉርብትናው ነው፤ እኔ የምቆጨው በአንድ የእሑድ ጠዋት ስብሰባ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የአንዲት ሴት ስም ሊነጻ ይችልበት የነበረው ጉባኤ አብሮ በመፍረሱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያ ጉባኤ በየወሩ ይሰበሰብ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ሣጥን ውስጥ፣ ከቀይ ቀለም ሥር ነበረ።

ሰናይት ሳትበሉ አትሄዱም ብላ ተነሣች። ሦስቱን ሰሃኖች ከማስቀመጧ በፊት እርጥብ ጨርቅ አምጥታ የጠረጴዛውን ልብስ ከዳር እስከ ዳር አራሰችው፤ ዐይኔ እጇን ሲከተል አይታኝ ፈገግ አለች።

«ኧረ እኔ እንጃ፤» አለች፤ «አክስቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።»

ልነግራት ስል እናቴ ጠረጴዛው ዘንድ ቀረበች። ሰሃኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ቆይታም እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ። አልተንሸራተተም።